ጥናትን ለማሳተም የማኅበር መጽሔት ይሻላል ወይስ የንግድ አሳታሚ?

ጠያቂ፦
የሕሙማንን የሕክምና መዝገቦች መርምረን ያዘጋጀነው ጥናት ለኅትመት ደርሷል። አማካሪዬ በሐኪሞች የሙያ ማኅበር ሥር ወደሚታተም መጽሔት እንድልከው ይመክሩኛል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ግን የማኅበር መጽሔቶች ውሳኔ ስለሚዘገይ የንግድ አሳታሚ እንድመርጥ ይገፋፉኛል። በዚህ መካከል ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው መጽሔት፣ ክፍያ ከፈጸምኩ በሳምንት ውስጥ ገምግሞ እንደሚያትም የሚገልጽ የግብዣ ኢሜይል ደረሰኝ። የመጽሔቱ ባለቤት ማን መሆኑ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

መልስ ሰጪ 1፦
ያመጣል። ማኅበር ያለው መጽሔት ከጀርባው አባላት አሉት፤ አዘጋጁ ቢሳሳት የሚጠይቁት እነዚሁ የሙያ አጋሮቹ ናቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው የአሜሪካ የክሊኒካዊ ምርምር ማኅበር በ1924 «ጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ኢንቬስቲጌሽን» የተባለውን መጽሔት ማሳተም የጀመረው፣ በሕሙማን አልጋ አጠገብ የሚነሣውን ጥያቄ ወደ ቤተ ሙከራ የሚወስዱ ሐኪሞች ሥራቸውን የሚያቀርቡበት መድረክ እንዲኖራቸው ነበር። ጽሑፎቹን የሚመዝኑት ራሳቸው በምርምር ላይ ያሉ ምሁራን ስለሆኑ፣ ውድቅ ሲያደርጉ እንኳ የሚጽፉት አስተያየት ብዙ ጊዜ ለቀጣዩ ረቂቅ ይጠቅማል። የደረሰዎትን ግብዣ በተመለከተ ግን ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ገምጋሚ መፈለግ ብቻውን ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ጽሑፉን ሳያይ በሳምንት ውስጥ አትማለሁ ያለ መጽሔት የሚሸጠው ግምገማ አይደለም።

መልስ ሰጪ 2፦
በመጨረሻው ነጥብ እስማማለሁ፤ በመጀመሪያው ላይ ግን ጥርጣሬ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1823 የተመሠረተው «ላንሴት» የማኅበር ንብረት አይደለም፣ ዛሬም በአንድ ትልቅ የንግድ አሳታሚ እጅ ነው፤ ሆኖም በሕክምናው ዓለም ያለውን ክብደት የሚክድ የለም። በአንጻሩ ብዙ ማኅበራት መጽሔታቸውን የሚያሳትሙት ከንግድ ኩባንያዎች ጋር ተዋውለው ስለሆነ፣ ሁለቱ ወገኖች የሚመስለውን ያህል የተራራቁ አይደሉም። ዝናም ቢሆን ከስሕተት አያድንም፤ ይኸው «ላንሴት» ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የ1998 ጽሑፍ የሰረዘው በ2010 ነው። ስለዚህ ከባለቤትነቱ ይልቅ አሠራሩን ይመርምሩ፦ አዘጋጆቹ በስም ተገልጸዋል ወይ? ክፍያው አስቀድሞ ይታወቃል ወይ? የታተመ ስሕተት ሲገኝ በይፋ ያርማሉ ወይ? መጽሔቱ በሜድላይን፣ ማለትም ተመርጠው የገቡ የሕክምና መጽሔቶች ጽሑፎች በሚዘረዘሩበት ማውጫ፣ መካተቱንም ያጣሩ፤ አንዳንድ ጽሑፎች በሜድላይን ባልተመረጡ መጽሔቶች ታትመውም የሕክምና ጽሑፎች በሚፈለጉበት ድረ ገጽ በፐብሜድ ስለሚገኙ፣ እዚያ መታየት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል፤ ሁነኛ መጽሔቶች ያልተመዘገበ ጥናት አይቀበሉም ሲባል ሰምቻለሁ፣ የእኛ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

መልስ ሰጪ 3፦
ይህ ግዴታ የሕክምና ሙከራዎችን የሚመለከት ነው። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው መመሪያ፣ ተሳታፊዎችን ለመድኃኒት ወይም ለሌላ ጣልቃ ገብነት የሚመድብ ጥናት የመጀመሪያውን ተሳታፊ ከመቀበሉ በፊት በይፋዊ መዝገብ እንዲሰፍር ይጠይቃል፤ ዓላማውም ያልተፈለገ ውጤት ያሳየ ሙከራ ተደብቆ እንዳይቀር ነው። እናንተ ግን አስቀድሞ የተሰጠን ሕክምና ከመዝገብ ስላጠናችሁ፣ በጥቅሉ ይህ ግዴታ አይመለከታችሁም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ግን በሁሉም ዘንድ ይጠየቃልና ቁጥሩንና ቀኑን በዘዴ ክፍሉ ውስጥ አስፍሩ። የምትመርጡትም የማኅበር ይሁን የንግድ፣ ጽሑፉን በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔቶች መላክ ክልክል ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ይበልጥ ለሚከታተሉ አንባቢዎች የሚደርሰውን አስቀድሙ፤ እዚያ ውድቅ ከሆነ አስተያየቱን አካትታችሁ ወደ ሁለተኛው ትልካላችሁ።