ለኢንተርንሺፕ የሚከፍል ፋብሪካ፦ ደብረ ብርሃን ወይስ አዲስ አበባ?

እህቴ መካኒካል ኢንጂነሪንግ መማር ትፈልጋለች፤ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ምርጫዋ ወይ እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ ወይ በራሱ የመግቢያ ፈተና የሚቀበለው አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ወጪ መጋራቱን አስልተነዋል። ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ምግብና መኝታ ከወሰደች ደግሞ የእነሱ ሙሉ ወጪ በስሟ ይመዘገባል፤ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ በወር ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። ከቤት እየተመላለሰች ብትማር ዕዳው ይቀላል። በዚህ በኩል ደብረ ብርሃን ይሻላል፣ ክርክር የለውም።

የተቸገርነው በኢንተርንሺፑ፣ ማለትም ተማሪ እያለች ፋብሪካ ገብታ በምታደርገው የሥራ ልምምድ ነው። እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካውና የቢራ ፋብሪካ አለ። አንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ብንጠይቅ «የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዛ ትምጣ» ብለው ስለ ክፍያ ዝም አሉ። ተመራቂዎችም አይስማሙም፦ አንዱ ምሳና ሰርቪስ ብቻ ነበር ይላል፣ ሌላው የታክሲውን ከኪሱ እየከፈለ ነው የጨረሰው። ደግሞ እንደ ቦይለርና ኮምፕረሰር ያሉ ማሽኖች ጥገና ላይ ካልመደቧት፣ ቢሮ ውስጥ ፋይል ስታደራጅ ከከረመች፣ ቢከፍሏትስ ምን ሙያ ይዛ ትወጣለች?

በቅርብ ዓመታት ደብረ ብርሃን ላይ በመካኒካል የተለማመዳችሁ፦ የኪስ ገንዘብ የሚከፍልና ከምረቃ በኋላ ተለማማጆቹን የሚቀጥረው የትኛው ፋብሪካ ነው?