ሰው የማታስጠጋ ድመት ቤት ትለምዳለች?

ሥራ_የበዛበት፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንዲት ድመት ልወስድ አስቤ ምክር ፈልጌ ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ውጭ ነው ያደገችው፤ ምግብ ሲቀመጥላት ትመጣለች፣ ሰው ጠጋ ሲል ግን እብስ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለምውል እግር እግሬን የምትል ድመት አልፈልግም፣ ራሷን የቻለች ትሻለኛለች። ግን ቤት ትለምዳለች ወይስ በር በተከፈተ ቁጥር ልትጠፋብኝ ነው? ብትነክሰኝስ?

የድመት_አጎት፦
መጀመሪያ ማንነቷን ለይ። ሰው ቤት ኖራ የተጣለች ድመትም ስትፈራ ዱር ትመስላለች፣ ግን ስትረጋጋ ሰው መውደዷ ይመለስላታል። ሰው ነክቷት የማያውቅ ከሆነች ሌላ ነው። ድመት ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከ2 እስከ 7 ሳምንት ዕድሜዋ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይቻልም ባይባልም ጊዜ ይፈጃል፣ አንዳንዷም ዕድሜ ልኳን ሳትታቀፍ ትኖራለች። ይሄ ከከፋህ አትውሰዳት።

ከወሰድካት ግን ቤቱን በሙሉ አትልቀቅባት። አንድ ትንሽ ክፍል ስጣት፣ መደበቂያ የሚሆን በጎኑ የተቀደደ ካርቶን፣ ውሃና ምግብ፣ ከምግቡ ራቅ አድርገህ ደግሞ የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥን፤ ውጭ የለመደች ስለሆነች መጀመሪያ አካባቢ አፈር ብትቀላቅልበት ቶሎ ይገባታል። ከዚያ ገብተህ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ስልክህን ነካካ። ትኩር ብለህ አትያት፣ እሷ ጠብ ፍለጋ ነው የሚመስላት። ዓይኗን ቀስ አድርጋ ጨፈን ከፈት ካደረገችልህ አንተም እንደዚያው መልስላት፣ ጅል ያስመስላል ግን ይሠራል።

ምግብ እምቢ ካለች ግን “ሲርባት ትበላለች” ብለህ እንዳትቀመጥ። ድመት ለቀናት ካልበላች ጉበቷ ላይ ስብ ይከማችና ልትሞት ትችላለች።

መርፌ_አልፈራም፦
ቤት ከመግባቷ በፊት ሐኪም ጋ! ጆሮዋን እይ፣ የአንዱ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ብዙ አገር እንደሚደረገው አምክነው ምልክት አድርገውባት ይሆናል። ካልሆነ አስመክናት፤ ድመት በ4 ወሯም ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናው ራሱ 2 ወር ገደማ ብቻ ነው፣ አንዷ በአንዴ ስድስት ሆነው እንዳታገኛቸው። በእጅህ ልይዛት አትበል፣ በምግብ አባብለህ ሳጥን ውስጥ አስገባት።

ንክሻን በተመለከተ፦ የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ ምንም አይመስልም፣ ጀርሙ ግን ጠልቆ ነው የሚገባው። በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠበውና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል፣ ምልክቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሌላው፣ ለውሻ የሚሸጠውን የቁንጫ መድኃኒት እንዳትቀባት፤ ፐርሜትሪን ካለበት ይገድላታል። ፓራሲታሞልም እንደዚያው።

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦
ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ! ውጭ ደልቷት የምትኖረውን ምን አስጨነቀህ? አስመክናት፣ አስከትባት፣ ዝናብ የማያስገባ ሳጥን አድርግላት፣ እዚያው ትኑር። ራሷን የቻለች ነው የምፈልገው እያልክ በር መዝጋት ምን የሚሉት ነው?

ሥራ_የበዛበት፦
@ዝም_ብሎ_አንባቢ እውነትህን ነው፣ ግን የምትኖርበት ግቢ ሊፈርስ ነው፣ ለዚህ ነው የቸኮልኩት። ከኔ ቤት ሩቅ አይደለም። ሁሌ እንድትዘጋባትም አልፈልግም፣ ወጣ ገባ ብትል ደስ ይለኛል።

የድመት_አጎት፦
እሱን ቀድመህ ብትነግረን! ቅርብ ከሆነ በጣም ተጠንቀቅ፣ ቶሎ ከለቀቅካት ቀጥታ ወደ ድሮ ቦታዋ ነው የምትሄደው፣ ፍርስራሹም ላይ ቢሆን። ቢያንስ 3 ሳምንት ውስጥ አቆያት፣ ምግቧን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ስጣት፣ ስትሰጣት አንድ ዓይነት ድምፅ አሰማ፣ ሳህኑን መምታትም ይበቃል። የመጀመሪያ ቀን ስትከፍትላት ከምግብ ሰዓቷ ትንሽ ቀደም ብለህ፣ ርቧት እያለ ክፈት። ጠግባ እንዳትወጣ።