«የአውሬው መንቃት»፦ ጥበብ ነው ወይስ ስለታገደ ብቻ የተከበረ?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ በብራዚላዊው ዦዜ ሞዢካ ማሪንስ (1936–2020) ፊልም ላይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ላላዩት ባጭሩ፦ ማሪንስ በ1964 ባወጣው ፊልም «ዜ ዶ ካይሻው» የሚባል ቀባሪ ፈጠረ። ስሙ «ዜ ባለ ሬሳ ሣጥኑ» እንደ ማለት ነው። ጥቁር ካባ ይለብሳል፣ ረጅም ባርኔጣ ይደፋል፣ ጥፍሩ ደግሞ እንደ አሞራ የረዘመ ነው። በ1970ው «የአውሬው መንቃት» ውስጥ ግን ዜ ባለታሪክ ሳይሆን ፖስተር ነው። አንድ የአእምሮ ሐኪም አራት የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎችን መርጦ በዜ ፖስተር ፊት ያስቀምጣቸዋል፤ ኤልኤስዲ (ቅዠት የሚያሳይ ዕፅ) ነው ብሎ ይወጋቸዋል። እስከዚያ ጥቁርና ነጭ የነበረው ፊልም ባለቀለም ይሆናል፣ ቅዠቱም ይጀምራል። በመጨረሻ ሐኪሙ «የወጋኋቸው የተጣራ ውሃ ነው» ይላል። የወታደራዊው መንግሥት ሳንሱር ፊልሙን አገደው። ጥያቄው፦ ዛሬ የሚወደሰው ጥሩ ስለሆነ ነው ወይስ ስለታገደ? «ደስ ይላል» እና «ያስጠላል» መልስ አይደሉም፤ ትዕይንት ጥቀሱ።

መቀስ፦
ስለታገደ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ስሙን ደብቃችሁ ለማንም አሳዩት፣ ማን ይጨርሰዋል? አንዲት ልጅ እግሯን ትወጋለች፣ ወንዶች ከበው ያያሉ፤ ተቆረጠ። ተማሪ ልጅ ሂፒዎች ክፍል ትገባለች፤ ተቆረጠ። በየመሃሉ የሐኪሞች ጠረጴዛ ይመጣና ያየነውን መልሶ ያብራራልናል። ይህ ቅንብር አይደለም፣ የተቀጣጠሉ አጫጭር ፊልሞች ናቸው። ሐኪሞቹን አውጡና ክፍሎቹን አቀያይሯቸው፤ ምንም አይጎድልም።

ጨለማ ክፍል፦
አቀያይራቸው እስቲ። የመጀመሪያው ግማሽ ሆን ብሎ እንደ ጋዜጣ ወንጀል ዓምድ ነው የተሠራው፤ ሐኪሞቹም ያ ጋዜጣ የሚጠቅሳቸው «ባለሙያዎች» ናቸው። ማሪንስ ራሱ በራሱ ስም ከነሱ ጋር ተቀምጧል፤ ከሐኪሞቹ አንዱ «ይህ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» ዓይነት ፊት ሲያሳየው ካሜራው አይሸሽም። ዳይሬክተሩ ራሱን ተከሳሽ አድርጎ ያቀረበበት አስፈሪ ፊልም በዚያ ዘመን የት ነበር?

ደግሞ ዓመቱን አስተውል። መፈንቅለ መንግሥቱ 1964 ነው፤ ወታደሮቹ አፈናውን ያጠበቁበት አምስተኛው ተቋማዊ አዋጅ የወጣው በዲሴምበር 13፣ 1968። ከዚያ በኋላ «ኅብረተሰቡን ያበላሸው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ አደጋ ነበር። ፊልሙ የሚለው «እናንተ ጥፋቱን በፖስተሩ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ አውሬው ግን ከውስጥ ነው» ነው። የታገደው በጡትና በመርፌ ብቻ አይመስለኝም።

ነጭ ጋቢ፦
ልጆች፣ «ከውስጥ ነው» የሚለውን እስማማለሁ። ግን ማሪንስን ለመመዘን ከ1964ቱ ፊልም መነሳት አለብን። እዚያ ዜ በስቅለት ዕለት የበግ እግር እየጋጠ በመስኮት የሚያልፈውን የአማኞች ሰልፍ ይስቅበታል። ያ ትዕይንት ብር አልፈጀም፦ አንድ መስኮት፣ አንድ ሥጋ፣ አንድ ሰልፍ። እኛ አገር ደግሞ በሕማማት ሥጋ መቅመስ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተመልካቹ በአንድ ጉርሻ ሰውየውን ያውቀዋል። በ1970ው ፊልም እንደዚያ በአንድ ነገር ሁሉን የሚናገር ትዕይንት አሳዩኝ። ራቁት መቀመጫ ላይ ፊት ስሎ ማስደነስ ያስቃል እንጂ አያስፈራም።

ሶስና፦
ማሳቁ እኮ ነው ነገሩ፣ አባባ። ፊት ያለው መቀመጫ አይቶ የሚስቅ ሰው ከደቂቃ በኋላ ያው አካል ሲገረፍ ያያል፤ ሳቁ አፉ ላይ ይደርቃል። ቴክኒኩ ቀለምና ብሩሽ ብቻ ነው፣ ግን ይሠራል።

የኔ ክርክር ሌላ ነው። በሦስቱም ፊልሞች ሴቶቹ ወይ ይደፈራሉ፣ ወይ ይመረመራሉ፣ ወይ ይሞታሉ። በ1967ቱ («በዚህች ሌሊት ሬሳሽን እላበሳለሁ») በተኙ ሴቶች ላይ የሚሄዱት ሸረሪቶች እውነተኛ ናቸው፤ እባቦቹም እንደዚያው። ገንዘብ ስላልነበረ ሰው ሠራሽ አልተሠራም፤ ስለዚህ የበጀቱን ጉድለት የሸፈነችው ተዋናይቷ ናት። «ድህነቱ ጥበብ ሆነ» የምትሉ ሁሉ ሒሳቡን ማን እንደከፈለ ጨምሩበት።

ጨለማ ክፍል፦
ይህን አልከራከርም። እውነተኛ ነው።

መቀስ፦
ወደ ድህነቱ ከመጣን በቁጥር እንነጋገር፣ ሰው ሁሉ በጭፍን ነው የሚያወራው። 35 ሚሊሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሄድ በደቂቃ 27.4 ሜትር ይበላል። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ተቆርጦ ሲያልቅ 2,460 ሜትር ገደማ ነው። እያንዳንዱን ሾት (ሳይቆረጥ የሚቀረጽ ቁራጭ) ሦስት ጊዜ ብቻ ብትቀርጽ እንኳ ከ7,000 ሜትር በላይ ጥሬ ፊልም ትፈልጋለህ፣ ላቦራቶሪው ሳይቆጠር። የሳኦ ፓውሎ ርካሽ ሲኒማ ሰፈር፣ ቦካ ዶ ሊሾ («የቆሻሻ አፍ» ይሉታል)፣ በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነው የሠራው። ከሌሎች ቀረጻ የተረፈ ቁራጭ የሚገዛ ሰው 30 ሜትር ቢያገኝ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነው ያለው፤ ካሜራ ማስነሻውና ማጨብጨቢያው ከዚያ ላይ ይነሳል። ረጅም ሾት አይታሰብም። ስለዚህ ድርቅ ያለውን አቆራረጥ አይቶ «የሱሪያሊዝም ምት» የሚል ሃያሲ ሲመጣ እስቃለሁ። የቁራጩ ርዝመት ነው የወሰነው።

ሶስና፦
ልብስ ሰፊ የሚሰፋውን ቅርጽም ጨርቁ ይወስነዋል፤ ልብስ ሰፊውን ግን ባለሙያ ከመሆን አያግደውም።

መቀስ፦
ጥሩ አባባል ነው፣ ግን እጅጌው አጭር ከሆነ አጭር ነው።

ድምፅማ፦
ስለ ድምፁ ማንም አልተናገረም። እነዚህ ፊልሞች በቀረጻ ቦታ የተቀዳ ድምፅ የላቸውም፤ ንግግሩ ሁሉ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የገባ ነው። በ1964ቱ የዜ ድምፅ የማሪንስ እንኳ አይደለም፣ ሌላ ተዋናይ ነው። ጥቅሙ፦ ካሜራው ቢጮህም ግድ የለም፣ ተዋናዩ ቃሉን ቢረሳም ይታለፋል። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ ክፍሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሰማል፤ መቃብርም፣ መኝታ ቤትም፣ ቴሌቪዥን ጣቢያም ያው የስቱዲዮ ግድግዳ ነው። ሁለተኛውን ሰው አያስተውለውም፦ ከአፍ የተለየ ቃል ለመቀየር ይቀላል። የ1967ቱን መጨረሻ አስታውሱ። ሕይወቱን ሙሉ እግዚአብሔርን የካደው ዜ ረግረጉ ውስጥ ሲሰምጥ በሳንሱር ግዴታ እንዲያምን ተደረገ። በዚህ ዓይነት አሠራር እንዲህ ያለ ለውጥ ተዋናዩን ጭቃ ውስጥ መልሶ መንከር አያስፈልገውም፤ ማይክሮፎን ይበቃል።

ነጭ ጋቢ፦
እኔ ያንን መጨረሻ ከልቡ መስሎኝ ነበር የወደድኩት። ለካ ሳንሱሩ ነው የሰበከኝ።

ድምፅማ፦
አይዞዎት፣ ብዙ ሰው ተሸውዷል።

ጨለማ ክፍል፦
እንግዲህ የ1970ው መልስ ያ ነው! አንዴ «አምናለሁ» በል ተብሎ የተገደደ ሰው ከዓመታት በኋላ የሠራው ይህ ፊልም «ያመናችሁት ነገር ውሃ ነው» ብሎ ያልቃል። የጽሑፉ ባለሙያ ሩቤንስ ሉኬቲ ከማሪንስ ጋር በ1969 የዜን የኮሚክስ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር፤ ገጸ ባሕርዩ ገበያ ላይ የሚሸጥ ሥዕል መሆኑን ከነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ፖስተሩ የተመረጠው ለዚህ ነው።

ፋርማሲ፦
ስለ ውሃው ልግባበት፣ ምክንያቱም ሁሉም «ብልህ መጨረሻ» ይለዋል። እንደ ሙከራ ቢታይ ከንቱ ነው። ኤልኤስዲ ብዙውን ጊዜ በአፍ ነው የሚወሰደው፤ መጠኑ በማይክሮግራም ይለካል፣ 100 ማይክሮግራም ለአንድ ሰው በቂ ነው፣ ለመጀመር ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ ከዚያ 8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። በመርፌ ወዲያው የሚመጣ ቅዠት ያየ ልምድ ያለው ተጠቃሚ መጠርጠር ነበረበት። ደግሞ አራት ሰው፣ ማነጻጸሪያ ቡድን የለም፣ ሐኪሙ ምን እንደወጋ ያውቃል፣ ከመርፌው በፊት ሁሉም አንድ ፖስተር ላይ አፍጥጠዋል። እንዲህ ያለ ሙከራ የሚያረጋግጠው ሰው የተነገረውን እንደሚያይ ብቻ ነው።

ሶስና፦
ፊልሙ የሚለው እኮ ይህንኑ ነው።

ፋርማሲ፦
አይደለም። ፊልሙ የሚለው «ክፋቱ ከዕፁ ሳይሆን ከራሳቸው ነው» ነው። ከሙከራው የሚወጣው ግን «ክፋቱ ከጠቋሚው ነው» ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የፊልሙ አባባል ሐኪሙን ከተጠያቂነት ያወጣዋል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ መጨረሻው ጠልፎን ሄደ፣ ማንም መርፌውን የያዘውን ሰው አልጠየቀም።

ጨለማ ክፍል፦
ይህን አላሰብኩበትም። አምባገነን አገር ውስጥ ዜጋን አስቀምጦ «አውሬው አንተ ነህ» የሚል ባለሥልጣን... ወይ ማሪንስ ሳያውቅ ሠርቶታል፣ ወይ በጣም አውቆ።

መቀስ፦
ሳያውቅ። ግን ነጥቡን እቀበላለሁ፤ ያ ከመጀመሪያው ግማሽ የተሻለ ምክንያት ነው ፊልሙን ለማየት።

አወያይ፦
ላላዩት የሚሆን ምክር ያለው ካለ አሁን ይበል። በተለይ ስለ ቅጂ ጥራት፤ «ቀለሙ ሁሉ ሮዝ ነው፣ ሆን ተብሎ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

መቀስ፦
ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ አይደለም። የዚያ ዘመን «ኢስትማን» የሚባለው ባለቀለም ፊልም ኮፒ ሲያረጅ ሰማያዊ አረንጓዴው ማቅለሚያ ቀድሞ ይጠፋል፤ የሚቀረው ወደ ቀይ ያደላል። ጥቁርና ነጩ ግን በብር የተሠራ ስለሆነ በደንብ ከታጠበ ይቆያል። ስለዚህ አንዱ ፊልም ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን መኖራቸው ለመፈተሽ ይመቻል፦ ከቀለሙ በፊት ያለውን ግራጫ እዩ። ግራጫው ንጹሕ ሆኖ ቅዠቱ ብቻ ሮዝ ከሆነ፣ ጥላዎቹም ጥቁር መሆን ሲገባቸው ቡናማ ቀይ ከሆኑ፣ ኮፒው ደብዝዟል። ሁለቱም ሮዝ ከሆኑ ጥፋቱ ምናልባት ወደ ቪዲዮ ያዛወረው ማሽን ነው። ጥላው ጥቁር ሆኖ መብራቱ ብቻ ቀይ ከሆነ ያ የማሪንስ ነው፣ አትንኩት።

ድምፅማ፦
በቀለሙ መግቢያ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ብትሰሙም አትደንግጡ። ባለቀለሙ ክፍል በጥቁርና ነጩ ኮፒ ላይ የሚቀጠል ነው። የድምፅ ማንበቢያው ከምስሉ መስኮት 21 ፍሬም ያህል ወዲያ ስለሆነ ቅጥያው ምስሉን ከቀየረ በኋላ፣ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ድምፁ ላይ ይደርሳል። በባለቀለም ኮፒ የድምፁ መስመር ለብቻው እንደገና ኬሚካል ይቀባል፤ እዚያ ከተሰነፈ ድምፁ ደክሞ ሹክሹክታ ይበዛበታል። ድምፁን ከፍ አታድርጉት፣ ሲመለስ ጆሯችሁን ይመታል።

ሶስና፦
ከ1964ቱ ጀምሩ፣ ቀጥሎ 1967፣ ከዚያ ይህን። ዜ ማን እንደሆነ ሳታውቁ ፖስተሩን ብታዩ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ብቻ ነው። ስክሪናችሁ ሰፊ ከሆነ ምስሉን አትለጥጡት፣ ጎንና ጎኑ ጥቁር ይሁን፤ ከላይና ከታች ሲቆረጥ ያ የተሳለው ፊት አገጩን ያጣል።

ነጭ ጋቢ፦
ለአገጩ ስል አልለጥጥም። ግን በጾም አላየውም።