ቶጋው ጲላጦስ እጁን ሲታጠብ ይወድቃል፤ ድራማው ነገ ነው፣ እባካችሁ!

አልባሳት ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቶጋው፣ ሮማውያን ሰውነታቸው ላይ የሚጠመጥሙት ሰፊ ልብስ፣ አልያዝ አለኝ። ትከሻው ላይ ስጥልለት ደህና ነው፤ ልጁ ሁለት እጁን ሲዘረጋ ግን ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል። ዛሬ ልምምድ ላይ ሦስቴ ወደቀ። ነገ 9 ሰዓት ላይ መድረክ እንወጣለን፣ የማለብሰው 14 ሰው ነው፣ ገና ግማሹን አልሰፋሁም። ምን ላድርግ?

ሰፊው፦
መርፌ ቁልፍ።

ነጠላ ለባሽ፦
ድራማው ምንድን ነው? ጨርቁስ ምንድን ነው፣ ስንት ሜትር? ይህን ሳንሰማ ምን እንበል?

አልባሳት ክፍል፦
ይቅርታ፣ ተቻኩዬ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕማማት ድራማ ነው። ጲላጦስ፣ ሚስቱ፣ ስድስት ወታደሮች፣ ስድስት ከሕዝቡ። ለሁሉም ቶጋ ነው ያሰብኩት። ለአንድ ሰው አንድ አንሶላ፣ የጲላጦስ ብቻ ሐምራዊ። የሚወድቀውም እጁን ሲታጠብ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
እህቴ፣ ከ14ቱ ቶጋ የሚያስፈልገው አንዱ ብቻ ነው። ቶጋ የሮም ዜጋ የሆነ ወንድ ልብስ ነው። ባሪያ አይለብሰውም፣ ዜግነት የሌለው የውጭ ሰውም አይፈቀድለትም። ዜግነቱ አጠራጣሪ የነበረ አንድ ሰው በቀላውዴዎስ ቄሣር ፊት ሲከሰስ፣ ጠበቆቹ ቶጋ ይልበስ ወይስ የግሪክ ካባ እያሉ ተከራክረዋል። ቄሣሩም ከሳሽ ሲናገር የግሪኩን፣ ተከላካይ ሲናገር ቶጋውን እየቀያየረ እንዲለብስ አዘዘ። ልብሱ የመታወቂያ ወረቀት ያህል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የኢየሩሳሌምን ሕዝብ ቶጋ አታልብሺው፤ እጀ ጠባብና ነጠላ ይበቃዋል።

ሐምራዊውን ደግሞ እባክሽ ተዪው። ጲላጦስ የሕግ መወሰኛው ሸንጎ አባል አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ቂሳርያ ላይ የተገኘው ድንጋይ እንደሚለው የይሁዳ አገረ ገዥ ነው፣ መደቡም ከሸንጎው ዝቅ የሚለው የፈረሰኞች መደብ ነው። የሸንጎ አባል እጀ ጠባቡ ላይ ሰፊ ሐምራዊ መስመር ይኖረዋል፤ ፈረሰኛው ከሁለቱ ትከሻዎቹ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች ብቻ፣ ጣቱ ላይም የወርቅ ቀለበት። ቶጋው ነጭ ነው። ሙሉ ሐምራዊ ቶጋ በወርቅ ተጠልፎ ድል አድርጎ የተመለሰ የጦር አዛዥ በሰልፉ ቀን ይለብሰው ነበር፣ በኋላም የቄሣሮች ሆነ። ቀለሙ ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው የሚወጣው፤ አንድ ተመራማሪ 12,000 ቀንድ አውጣ ፈጭቶ ያገኘው 1.4 ግራም ብቻ ነው። በ301 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የዲዮቅልጥያኖስ የዋጋ አዋጅ ደግሞ በሐምራዊ ለተነከረ አንድ ፓውንድ ሐር 150,000 ዲናር ቆርጦለታል።

ደግሞም ጲላጦስ ሐምራዊ ከለበሰ፣ ወታደሮቹ ጌታችንን ሊዘብቱበት ቀይ ልብስ ሲያለብሱት ተመልካቹ ምኑን ይረዳል? መድረኩ ላይ ያ ልብስ ብቻውን ይታይ።

ሰፊው፦
አሁንም መርፌ ቁልፍ ነው የምለው። ትልቁን፣ የሕፃናት ፎጣ የሚያዝበትን።

የዋህ ልብ፦
ሰው የሚመጣው ሊባረክ ነው፤ የመስመሩን ስፋት ማን ይለካል? ልጆቹ ቃሉን በደንብ ቢያጠኑ ይሻላል።

ነጠላ ለባሽ፦
ወንድሜ፣ እኛ ነጠላ አጣፍተን ቤተ ክርስቲያን ስንገባና ለለቅሶ ጥለቱን ወደ ፊት ስናወጣ አለባበሱ ራሱ ይናገር የለም? የሮማውያኑም እንደዚያው ነው፤ ለሐዘን ጥቁር ቶጋ ነበራቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ሚስትየዋን ቶሎ አስወልቂያት! በሮም ቶጋ የምትለብስ ሴት ሴተኛ አዳሪ ተደርጋ ነበር የምትታየው። የጨዋ ባለትዳር ልብስ ስቶላ ነው፤ ከእጀ ጠባብ በላይ የሚደረብ፣ ትከሻው ላይ በማንገቻ የሚያዝ፣ እግር የሚሸፍን ረጅም ቀሚስ። ከላዩ ነጠላ ራሷ ላይ ጣል ታድርግ፣ ያምርባታል።

የድሮ ተዋናይ፦
የወደቀበትን ምክንያት ልንገርሽ፣ እኔም ይህን ልብስ መድረክ ላይ ለብሼዋለሁ። አንደኛ፣ አንሶላ ይንሸራተታል። የእነሱ ሱፍ ነበር፤ ክብደቱና ሻካራነቱ ነው ያለ መርፌ የሚይዘው። ሁለተኛ፣ አራት ማዕዘን አይደለም፣ አንድ ጎኑ እንደ ግማሽ ጨረቃ ክብ ነው፣ ርዝመቱም እስከ 5 ወይም 6 ሜትር ይደርሳል። ሁለት አንሶላ ጫፍ ለጫፍ ግጠሚና አንዱን ረጅም ጎን አክብበሽ ቁረጪ። ቀጥ ያለው ጎን ወደ አንገት ነው። አንዱን ጫፍ ከግራ ትከሻው ወደ ፊት ልቀቂው፣ እግሩ መካከል ይውረድ፤ ሌላውን በጀርባው አዙሪ፣ በቀኝ ብብቱ ሥር አምጪ፣ ደረቱን አቋርጦ ተመልሶ በግራ ትከሻው ላይ ወደ ኋላ ይውደቅ።

ሦስተኛውና ዋናው፦ ቶጋ የለበሰ ሰው ግራ እጁ ሥራ አይሠራም፣ ልብሱን ተሸክሞ ይውላል። ጌታ መሆኑ የሚታወቀውም በዚሁ ነው፤ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው እንዲህ ያለ ልብስ አይመቸውም። ስለዚህ ግራ ትከሻው ላይ ሁለቱን ድርብ ከእጀ ጠባቡ ጋር በክር ስፊው። ሲታጠብም አይቁም፤ ዮሐንስ 19 ላይ በፍርድ ወንበር ተቀመጠ ይል የለ? ይቀመጥ፣ ጨርቁ ጭኑ ላይ ይረፍ፣ አገልጋይ ውኃ ያፍስስለት።

ጋቢ ነጋዴ፦
ሱፍ ካጣሽ ቀለል ያለ ጋቢ ሞክሪ፣ አይንሸራተትም።

አልባሳት ክፍል፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ሚስትየዋን ለወጥኳት። ሕዝቡም ነጠላ ለበሰ። ሁለት አንሶላ እየገጠምኩ ነው። ወታደሮቹስ?

ታሪክ ወዳድ፦
እስከ ጉልበት የሚደርስ እጀ ጠባብ፣ ቀበቶ፣ ቀኝ ትከሻ ላይ የተቆለፈ አጭር ካባ። ቀኝ እጃቸው ነፃ መሆን አለበት። ማቴዎስ 27 ላይ ያለው ቀይ ልብስም በግሪኩ ክላሚስ ነው፣ አጭር ካባ። ከአንዱ ወታደር ትከሻ ተፈትቶ ይሰጥ፣ ተመልካቹ ዓይኑ እያየ።

ሰፊው፦
ለወታደሮቹማ መርፌ ቁልፍ ትክክል ነው!

የድሮ ተዋናይ፦
አንድ ነገር ረስቼ፦ እግሩ መካከል የሚወርደውን ጫፍ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጊው። ከወንበሩ ሲነሣ ከረገጠው ክሩም አያድነውም። ልጁ ለብሶት አሥር ጊዜ ይቀመጥ፣ አሥር ጊዜ ይነሣ።