ርካሽ ልብስ የሚገዛው ነው የሚወቀሰው ወይስ የሚያመርተው?

ጠያቂ፦ ፋስት ፋሽን፣ ማለትም በፍጥነትና በብዛት እየተመረተ በርካሽ የሚሸጠው ልብስ፣ ውሃና አየር እየበከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጥፋቱ የማን ነው? ገዢውን መውቀስ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ቆጣቢዋ፦ በፍጹም! ደሞዟ ወር የማያደርሳትን ሴት "ለምን ርካሽ ገዛሽ" ማለት ግፍ ነው። ለአካባቢ ተስማሚ የሚባለው ልብስ እኮ ዋጋው አይቀመስም።

ሞጋች፦ እኔ አልስማማም። ካልገዛን ማን ያመርታል? እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2015 የዓለም የልብስ ምርት በእጥፍ ገደማ አድጓል። አንድ የጥጥ ቲሸርት ለመሥራት ብቻ ወደ 2,700 ሊትር ውሃ ይፈጃል ተብሎ ይገመታል። የማዕከላዊ እስያውን የአራል ባሕር ተመልከቱ፣ በጥጥ ምክንያት አይደል እንዴ የደረቀው?

ቆጣቢዋ፦ አራል ለእኔ ነው የሚመሰክርልኝ። ወደ እሱ የሚፈሱትን የአሙ ዳሪያንና የሲር ዳሪያን ወንዞች ወደ ጥጥ እርሻ የጠለፈው የሶቪየት መንግሥት ነው፤ ሸማች ማን ጠየቀው? ራና ፕላዛስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዲሽ ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ያ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ስንጥቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፣ ሠራተኞቹን ግን ግቡ አሏቸው። ግቡ ያላቸው ቲሸርት ገዢ አይደለም።

መርፌና ክር፦ ሁለታችሁም ስለ ዋጋ እያወራችሁ ብዛቱን ረሳችሁት። ኑሮ የከበደው ሰው ርካሹን ገዝቶ እስኪነትብ ይለብሰዋል፣ እሱን ተዉት። እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለቴ ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶበት፣ "ለተቸገረ እሰጠዋለሁ" ብሎ በፌስታል የሚያስረውና በዚያው ሳምንት ሌላ የሚያዘው ነው። የሚሰጠው ልብስ የት ይደርሳል? ጋና ካንታማንቶ የልባሽ ገበያ ይራገፋል፣ ያልተሸጠው ቆሻሻ ይሆናል፤ ቺሊ አታካማ በረሃ ላይም ተከምሯል። አሮጌውን ጨርቅ መልሶ ማምረት (ሪሳይክል) የሚባለውም ብዙ አያድንም፣ ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበትን ጨርቅ መለየት ከባድ ስለሆነ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ይባላል። ፖሊስተር ደግሞ ከነዳጅ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። በታጠበ ቁጥር ዓይን የማያየው ብናኝ ከእጣቢው ጋር ወደ ወንዝ ይሄዳል። ስለዚህ "አረንጓዴ" የሚል ምልክት ያለበት አዲስ ልብስ ከመግዛት ያለህን ዚፑን አስቀይረህ፣ ጠርዙን አሰፍተህ ብትለብሰው ይሻላል። ልባሽ መግዛትም ጥሩ ነው፣ በአዲሱ ምትክ ከሆነ እንጂ በላዩ ላይ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

ቆጣቢዋ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ግን ሕግ ካልመጣ ለውጥ የለም። የአውሮፓ ኅብረት ትልልቅ ኩባንያዎች ያልተሸጠ ልብስና ጫማ እንዳያወድሙ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ከልክሏል። የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ነው።

ሞጋች፦ ጥሩ ሕግ ነው፣ አልቃወምም። ግን የሚመለከተው ያልተሸጠውን ነው። ተሽጦ፣ ሁለቴ ተለብሶ የሚጣለውንስ? እዚያ ላይ አሁንም ገዢውን እጠይቃለሁ።