ልጄን ከሩጫ እንዴት ላስቁማት?

እንደምን አላችሁ ወገኖቼ፣ ከአራት ኪሎ ነው የምጽፈው። የ16 ዓመት ልጄ ሯጭ ናት፤ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ትሠራለች። ባለፈው ወር እዚያው ስትሮጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። እኔማ ቁርስ ሳትበላ ወጥታ ነው ብዬ ነበር። ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ስትነሳ ግን «ሎንግ ኪውቲ» ተባለ፤ ልቧ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለቀጣዩ ለመዘጋጀት ከሚገባው በላይ ይዘገያል። ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ መድኃኒት ጀምራለች፣ ሩጫም ለጊዜው ተከልክላለች። እሷ ግን ጫማዋን ቦርሳ ውስጥ ደብቃ ትወጣለች! መድኃኒቱን እየወሰደች ደግማ ከወደቀች፣ እንደ ዴንማርኩ ኳስ ተጫዋች ኤሪክሰን ደረቷ ላይ የልብ ምት ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ሊቀበርላት ይችላል ብለውናል። እዚህ አገር ያስቀበረ አለ? ስንት ፈጀባችሁ? በዘር ይሄዳል ስለተባለ ታናሽ ወንድሟንም ሰኞ ላስመረምር ነው። እስከዚያ ይቺን ልጅ በምን ልያዛት?