አውቶ ይብቃኝ ወይስ ማንዋል ልግባ? (ጁገል፣ ነጭ ግድግዳ፣ የቤተሰብ ሰርግ)

የሳቢያኗ፦

ሰላም የካሜራ ሰዎች። ድሬ ነኝ። ያገለገለ ካኖን 2000ዲ ከነ18-55 ሌንሱ ገዝቼ እስካሁን የማነሳው ሁሉን ካሜራው ራሱ በሚወስንበት በአረንጓዴው አውቶ ነው። ድሬ ላይ ብዙም አልተቸገርኩም። ከዚራ ዛፎቹ ስር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ሁሉም ደህና ይወጣል። ሐረር ስወጣ ግን ነገር ይበላሻል። ጁገል ውስጥ የአክስቴን ልጅ ነጭ ግድግዳ አስደግፌ ሳነሳት ግድግዳው አመድማ ይሆናል፣ ፊቷ ይጠቁራል። ሁለት እርምጃ ወደ ጥላው ስትገባ ደግሞ ፊቷ ይስተካከልና ከኋላዋ ፀሐይ የመታው ግድግዳ ሙልጭ ብሎ ይነጣል፤ ቀለሙም የለ፣ ስንጥቁም የለ። ቤት ስንገባ ፍላሹ ማንም ሳያዘው ብድግ ይልና ሰዉን ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ ያስመስለዋል።

የዚችው ልጅ ሰርግ ደርሷል። ሰርጉ ሐረር ነው። ዋናውን የሚያነሳ ባለሙያ ተይዟል፣ እኔ ግን ከጎን ከጎን የቤተሰቡን እንዳነሳ ተለምኛለሁ። አንድ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ሳማክረው "በማንዋል ካላነሳሽ አነሳሁ አትበይ" አለኝ። ማንዋል ላይ አድርጌ ሁሉን ራሴ ስሞላው ደግሞ ወይ ድቅድቅ ነው ወይ ነጭ ነው፣ እስካስተካክል ሰዉ ተበትኖ ያልቃል። ከሰርጉ በፊት ማንዋል ልማር ወይስ አውቶዬን ይዤ ልቀመጥ? መሃል መንገድ ካለም ንገሩኝ። ዩቲዩብ እዪ ብቻ አትበሉኝ፣ አይቻለሁ፣ የባሰ ነው ግራ የገባኝ።

ጋሼ ፊልም፦

ልጄ፣ ለሰርጉ እንኳን ደስ አላችሁ። የፎቶ ቤቱ ሰው አነጋገሩ ጉራ አለበት፣ ሐሳቡን ግን አልጥለውም። እኔ የጀመርኩት በፊልም ነው። የያዝኩት ካሜራ የብርሃን መለኪያ እንኳ አልነበረውም። የፊልሙ ካርቶን ላይ በስዕል ይመጣል፤ ፀሐይ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ደመና ከሆነ ይህን። እሱን እያየን ስንት ሰርግ አንስተናል።

ያ ስሌት ዛሬም ይሰራል። ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 16 አድርጊ፣ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሰከንድ ክፍልፋይ) ከአይኤስኦው (ካሜራው ብርሃን ላይ ካለው ስሜት) ቁጥር ጋር አመሳስዪው። አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100፣ 200 ከሆነ 1/200። ኤፍ 16 ካልተመቸሽ እስከ ኤፍ 8 ክፈቺው፤ ሁለት ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ስለከፈትሽ በአይኤስኦ 100 ሸተሩ 1/400 ይሆናል። ደመና ከሌለ የኛ አገር ፀሐይ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ብዙም አይለዋወጥም፣ አንዴ ካገኘሽው አገኘሽው ነው።

ማንዋል የሚጠቅምሽ የት ጋ እንደሆነ ልንገርሽ። የአክስትሽ ልጅ ከነጩ ግድግዳ ተነስታ አረንጓዴው ግድግዳ ጋ ብትቆም ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው፣ ፊቷ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አልተለወጠም። አውቶው ግን ግድግዳው በተለወጠ ቁጥር ሐሳቡን ይለውጣል። አንዱ ላይ ትጠቁራለች፣ አንዱ ላይ ትነጣለች፣ አልበም ውስጥ ጎን ለጎን ሲገቡ ያስታውቃል። በማንዋል ፊቷን አንዴ አስተካክለሽ ከተውሽው፣ ግድግዳው ሮዝም ይሁን ሰማያዊ፣ ፊቷ አንድ ነው። ጁገል ደግሞ በየሃያ እርምጃው የግድግዳው ቀለም የሚለወጥበት ቦታ ነው።

ድሬ አቦ፦

አቦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ ግን ሰርግ ላይ ቆሞ ስሌት የሚሰራ ሰው የሙሽራዋን ጀርባ ነው የሚያነሳው። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ ፀሐይ፣ በሩ ስር ጥላ፣ ግቢው ግማሽ በግማሽ፣ ቤቱ ውስጥ ጨለማ፤ ይሄ ሁሉ ባንድ እልልታ ውስጥ ያልፋል። አዲስ ሰው በማንዋል እዚህ ውስጥ ግባ ማለት ግፍ ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ግድግዳው ለምን አመድማ እንደሚሆን ልንገርሽ፤ እሱ ከገባሽ ሌላው ይቀላል። ካሜራው ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ፍሬሙን በነጭ ግድግዳ ስትሞዪው "ኧረ ይሄ በዛ" ይልና ያጨልመዋል፤ ግድግዳው ግራጫ ይሆናል፣ ሰውዋም አብራ ትጨልማለች። በተቃራኒው ከጥቁር በር ፊት ስታቆሚያት ያበራዋል። በየትኛውም ብራንድ ያው ነው፣ የ2000ዲ ችግር አይደለም።

መድኃኒቱ ካሜራውን "አብራው" ወይ "አጨልመው" የምትዪበት ፕላስ ማይነሱ ነው። መዘውሩን ኤቪ ላይ አድርጊ፤ እዚያ አፐርቸሩን አንቺ ትመርጫለሽ፣ ሸተሩን ካሜራው ይሞላል። ከስክሪኑ ጎን ኤቪ ከነፕላስ ማይነሱ የተጻፈበት ቁልፍ አለ። እሱን ተጭነሽ እንደያዝሽ ላይኛውን መዘውር አዙሪ፣ ጠቋሚው ወደ ፕላስ 1 ሲሄድ ታዪዋለሽ። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ልብስ፣ ፕላስ 1። ፍሬሙ ሙሉ ነጭ ከሆነ ትንሽ ጨምሪበት። ከኋላዋ ጨለማ ከሆነ ማይነስ 1። አረንጓዴው አውቶ ላይ ይሄ ቁልፍ አይሰራልሽም፣ ከአውቶ ውጪ የምልሽም ለዚህ ነው እንጂ ማንዋል ላይ ስለሆንሽ ማንም ሜዳሊያ አይሰጥሽም።

አንድ ነገር ደግሞ ላስገባ፣ ይሄ ነገር ስለሚያናድደኝ ነው። "እኔ በማንዋል ብቻ ነው የማነሳ" የሚሉ ልጆች አሉ። ሲያነሱ ታያቸዋለሽ፣ ቪውፋይንደሩ (በዓይን የሚታይበት ቀዳዳ) ስር ያለችውን የብርሃን መለኪያ ጠቋሚ ዜሮ ላይ እስክትቆም ሸተሩን ያዞራሉ፣ ዜሮ ስትገባ ቀጭ። ያ እኮ አውቶ የሚሰራውን በእጅ መስራት ነው! ነጭ ግድግዳ ፊት ጠቋሚዋን ዜሮ ላይ ካቆምሽ፣ ማንዋል ሆንሽ አልሆንሽ፣ ግድግዳው ያው አመድማ ነው። ለፎቶ ቤቱ ሰውዬም ይሄን ንገሪልኝ።

ስልክ በቃኝ፦

ስልኬ ይሄን ሁሉ ያለ ምንም ቁልፍ ያነሳልኛል። ጨርሻለሁ።

ድሬ አቦ፦

ወላሂ እውነትህን ነው፣ በፀሐይና በጥላ ነገር ስልክ ይበልጣታል። አንዴ ስትነካው ብዙ ፍሬም ያነሳና ያዋህደዋል፣ 2000ዲ በአንድ ቀጭ አንድ ፍሬም ነው። ማታ ቤት ውስጥ ሰው ሲጨፍር ግን እጁም እግሩም እየተቀባ፣ እየደበዘዘ ነው የሚወጣው፣ ያኔ እንገናኝ።

የጌ ልጅ፦

ሐረር ነኝ፣ እዚሁ ጁገል ውስጥ። ስለ ቤት ውስጡ እኔ ልናገር፣ ሰርጉ የሐረሪ ቤት ውስጥ የሚገባ ነገር ካለው ዋናው ፈተና እሱ ነው።

የኛን ቤት ታውቂዋለሽ። ነደባዎቹ (የመቀመጫ መደቦቹ) በየደረጃው፣ ምንጣፍና ትራስ፣ ግድግዳው ላይ ሙዳዩና ሳህኑ ተደርድሮ። ለዓይን ያምራል፣ ለካሜራ ግን ብርሃኑ በአብዛኛው የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሞዱ በፊት የሰው አቀማመጥ ይቅደም። አንደኛ፣ በሩ ላይ የተደረደረውን ልጅ ሁሉ በትህትና አስነሺ፤ እነሱ ናቸው ብርሃንሽን የሚጋርዱት። ከዚያ የምታነሻቸው ሰዎች ፊታቸው ወደ በሩ ይሁን። አንቺ በሩ መሃል አትቁሚ፣ ጥላሽ እነሱ ላይ ያርፋል፤ ጥግ ይዘሽ ቁሚ። ይሄን ካደረግሽ ፍላሹ አያስፈልግሽም። ፍላሹ በራሱ የሚነሳው አውቶው ላይ ነው፤ ኤቪና ኤም (ማንዋል) ላይ አንቺ ቁልፉን ካልነካሽው አይነሳም።

እዚህ ቤት ውስጥ እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ ማንዋል ይሻላል። ብርሃኑ ከአንድ በር ነው፣ አይለዋወጥም፣ ሰዉም ቁጭ ብሏል። 1/100፣ አይኤስኦ 1600፣ አፐርቸሩ እስከሚችለው ክፍት፤ ከጨለመ አይኤስኦውን 3200 አድርጊ። ትንሽ ግሬይን (አሸዋ አሸዋ የሚመስል ነገር) ይመጣል፣ ይምጣ። የተንቀሳቀሰ ፎቶ ግን አይመለስም። 1/100 ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው፤ 55 ላይ ዙም ስታደርጊ እጅሽ እንዳያንቀጠቅጠው፣ ደግሞ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ስር ሸተሩ በጣም ሲፈጥን ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይመጣል። በ1/100 ወይም በ1/50 አይመጣም።

አሁን ልብ በዪ። "ማንዋል ላይ ድቅድቅ ይሆንብኛል" ያልሽው ከሌንሱም ሊሆን ይችላል። ያ ሌንስ ሰፊው ጫፍ 18 ላይ ኤፍ 3.5 ነው፣ 55 ላይ ስታደርሺው ኤፍ 5.6 ይሆናል። ከአንድ ስቶፕ በላይ ብርሃን ቀነሰ ማለት ነው። አውቶና ኤቪ ላይ ካሜራው ራሱ ያካክሰዋል፣ ሳታዪው ያልፋል። ማንዋል ላይ አይኤስኦውን በቁጥር ካስቀመጥሽው የሚያካክስልሽ የለም፤ ሰፊውን አስተካክለሽ ወደ ፊቷ ዙም ስታደርጊ ይጨልማል። ስለዚህ ወይ ዙሙን አትንኪ ወይ ከመጀመሪያው 5.6 ላይ አድርገሽ አይኤስኦውን ጨምሪ።

50 ኤፍ 1.8 ሌንስ ተዋሺ የሚልሽ አይጠፋም። ጥሩ ሌንስ ነው፣ ብርሃን በደንብ ያስገባል። ግን በዚህ ካሜራ ላይ 80 ሆኖ፣ ጠበብ አድርጎ ነው የሚያይልሽ፤ ነደባው ላይ የተቀመጠውን ቤተሰብ ሙሉ ላስገባ ስትዪ ጀርባሽ ግድግዳ ይነካል። ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበት መኪና ግርግር መንገድ ላይም ያው ነው፣ ወደኋላ ስትዪ የሰፊዎቹ ሲንጀር ላይ ነው የምትቀመጪው። ለፊት ብቻ ያዢው።

በመጨረሻ፣ በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳያቀነባብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሺ። የወለሉ ቀይና የምንጣፉ ቀይ ፊት ላይ ይንጸባረቃል፣ አውቶ ኋይት ባላንሱ (ካሜራው ቀለም የሚያስተካክልበት) አንዳንዴ አያጠፋውም፤ በሮው ከሆነ በኋላ ታስተካክዪዋለሽ።

የሳቢያኗ፦

ኧረ ኑሩልኝ! ዛሬ ከዚራ ወጥቼ ነጭ አጥር ፊት እህቴን አቁሜ ፕላስ 1 አደረግኩ፣ አጥሩ ነጭ ሆነ፣ ፊቷም ወጣ። ይሄን የሚያህል ቁልፍ እስካሁን ማን ደበቀብኝ?

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች አሉ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ካላየን ብለዋል። እነሱን ከጅቡ ጋር ማንሳት አለብኝ። እዚያም ኤቪና ፕላስ ማይነስ ነው?

የጌ ልጅ፦

እዚያስ ኤቪውን ተዪው። ዙሪያው ጨለማ፣ መሃል ላይ የመኪና መብራት ወይ ባትሪ። ካሜራው ጨለማውን ያይና ላብራው ይላል፤ ሸተሩን ያዘገየዋል፣ ጅቡ ይቀባል፣ መብራቱ ያረፈበት ፊት ይነጣል። ማይነስ 2 አድርገሽ ልትታገዪ ትችያለሽ፣ ግን ጅቡ ወደ መብራቱ በቀረበና በራቀ ቁጥር ስሌቱ ይናዳል። ማንዋል አድርጊ፤ 1/125፣ 18 ላይ ኤፍ 3.5፣ አይኤስኦ 3200። አንድ አንሺና እዪ። ከዚያ አይኤስኦውን ብቻ ከፍ ዝቅ አድርጊ፣ ሌላውን አትንኪ።

ፎከሱ ነው የሚያስቸግርሽ። የመሃሏን ነጥብ ብቻ ምረጪ፣ በዚህ ካሜራ ላይ ከሌሎቹ የተሻለች እሷ ነች። ጥቁር ጠጉሩ ላይ አትፈልጊ፣ ብርሃን ያረፈበት የሰው ፊት ወይም ሥጋው የተንጠለጠለበት እንጨት ላይ ያዢ። ፍላሹን ዝቅ አድርጊው፤ ከተነሳ ለፎከስ ብሎ ብቻ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ በዚያ ላይ የጅቡ ዓይን ይበራና ፎቶው ይበላሻል። ማብራት ከፈለግሽ እንኳ መጀመሪያ የሚመግበውን ሰውዬ ጠይቂ፣ ቤቱ የሱ ነው።

ጋሼ ፊልም፦

ጨለማ ላይ ስክሪኑን አትመኚ። ማታ ዓይንሽ ጨለማ ስለለመደ ስክሪኑ ደማቅ ሆኖ ይታይሻል፣ ፎቶው ደህና ነው ትያለሽ፣ ቤት ገብተሽ ኮምፒውተር ላይ ስታዪው ጨልሟል። ሂስቶግራሙን (የፎቶው ምን ያህሉ ጨለማ፣ ምን ያህሉ ብሩህ እንደሆነ የሚያሳየውን ግራፍ) እዪ። የሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ላይም እንደዚሁ፣ ፕላስ 1 ብለሽ ጥልፉ እንዳይጠፋ። የጠፋው ቦታ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ያኔ ፕላሱን በሲሶ በሲሶ ቀንሺ። ድሬ አቦ በጠቋሚዋ ነገር ያልከው ትክክል ነው፤ ስለ ስሌቱ ግን ሌላ ቀን እንጨቃጨቃለን።

የሳቢያኗ፦

ጋሼ፣ ብልጭ የሚለው የት ነው? እኔ ጋ አይልም።

ጋሼ ፊልም፦

ፎቶውን ከፍተሽ ዲስፕ የሚለውን ቁልፍ ደጋግመሽ ተጫኚ። ፎቶው ትንሽ ሆኖ ከጎኑ ሸተሩና አይኤስኦው ተጽፎ ሲመጣ፣ እዚያች ትንሿ ፎቶ ላይ ነው የሚለው።